ብላይብራ ቤተ ክርስቲያን፦ ለጆሮ አሥር፣ ለመቀመጫ አራት

ክላሲካል ሙዚቃ ለመስማት የግድ ለንደን መሄድ አያስፈልግም። በምሥራቅ እንግሊዝ፣ ሰፎክ በሚባለው አውራጃ ውስጥ፣ ረግረግ ዳር፣ ብላይብራ የምትባል ትንሽ መንደር አለች። ቤተ ክርስቲያኗ ግን ካቴድራል ታክላለች። እንግሊዛዊው የሙዚቃ ደራሲ ቤንጃሚን ብሪተን ከጓደኞቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1948 የጀመረው የኦልድብራ ፌስቲቫል ሰኔ ላይ አንዳንድ ኮንሰርቶቹን እዚህ ያቀርባል። እ.ኤ.አ. በ1969 የፌስቲቫሉ ዋና አዳራሽ በተቃጠለ ጊዜ የሞዛርት ኦፔራ እንኳ ወደዚህ ተዛውሮ ታይቷል።

ከጎንደር ልትጠይቀኝ የመጣችውን እናቴን ይዤ ሄድኩ። በሩ ላይ ጫማዋን ልታወልቅ ጎንበስ አለች። «እማዬ፣ እዚህ አይወለቅም» ብላት አላመነችኝም። የሰዉን እግር አይታ ነው የገባችው። ከዚያ ቀና ስትል ከእንጨት የተቀረጹ መላእክት ክንፋቸውን ዘርግተው ከጣሪያው ያዩናል። «ደብረ ብርሃን ሥላሴ የገባሁ መሰለኝ» አለች። የእኛዎቹ የተሳሉ ፊቶች ናቸው፤ ቢሆንም ገባኝ።

«ግድግዳውን ምን ነካው? ሥዕል የለውም?»

እ.ኤ.አ. በ1644 ዳውሲንግ የሚባል፣ በእርስ በርስ ጦርነቱ ንጉሡን ይወጋ ከነበረው የፓርላማ ወገን የሆነ ሰው ምስል እያስፈረሰ በዚህ አልፏል። አሁን ግድግዳው ነጭ ነው፣ መስኮቱም አብዛኛው ቀለም የሌለው መስተዋት። ለእምነቱ ጉዳት ነው። ለኮንሰርት ግን ብርሃኑ እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት አብሯችሁ ይቆያል።

የሰማነው ኦስትሪያዊው የሙዚቃ ደራሲ ሹበርት እ.ኤ.አ. በ1828 ሊሞት ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት የጻፈውን ሥራ ነው። ሁለት ቫዮሊን፣ አንድ ቪዮላ፣ ሁለት ቼሎ። ሁለተኛው ክፍል በጣም ዝግ ያለ ነው። ሦስቱ መሣሪያዎች ረጅም ድምፅ ይዘው ሲቆዩ፣ አንደኛው ቫዮሊንና ሁለተኛው ቼሎ በጣት ጠብ ጠብ ያደርጋሉ። ምንጣፍ በለበሰ አዳራሽ ያ ምት ወዲያው ይጠፋል። እዚህ የሚቀጥለው እስኪመጣ አየሩ ላይ ይቆያል። እማዬ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ንቅንቅ አላለችም። ፈጣኑ የመጨረሻ ክፍል ላይ ግን ድምፁ ይደባለቃል፤ ኋላ ከተቀመጣችሁ ደግሞ ይብሳል። ከጎን ባለው አውራ ጎዳና ከባድ መኪና ሲያልፍም ይሰማል።

አግዳሚው ደረቅ እንጨት ነው። የድሮዎቹ አግዳሚዎች ጫፍ ላይ ኃጢአቶች ተቀርጸዋል፤ ሆዱ የተነፋ ሆዳም አለ፣ አልጋው ላይ የተቀመጠ ሰነፍ አለ። ሰነፉን ለመቅጣት ይመስለኛል ወንበሩን እንዲህ የሠሩት። ትኬት ስትቆርጡ ከዓምድ ጀርባ እንዳይሆንባችሁ። በአንድ ሥራ ክፍሎች መካከል አይጨበጨብም፤ እስከ መጨረሻው ጠብቁ።

በእረፍቱ ሰዓት ወይን ቀረበ።

«እዚሁ ውስጥ?» አለች እማዬ።

«አዎ።»

«ታዲያ ቄሱ የት ሄዱ?»

ኬክም ነበር። የሰኔ ጾም ስለነበር እሱንም አልፈነው ውሃችንን ጠጣን።

የሚያስቸግረው መመለሱ ነው። ባቡሩ ከኢፕስዊች ከተማ «ዳርሻም» እስከሚባለው ጣቢያ ያደርሳችኋል፣ ከዚያ ወዲያ መኪና ያስፈልጋል። እኛ ቀድመን ያዘዝነው ታክሲ ዘግይቶ መጣ። እማዬ አጥሩ ላይ ተደግፋ ሙዚቃውን የተጫወቱት ልጆች ስንት እንደሚከፈላቸው ስትጠይቀኝ ቆየች። አላውቅም ብላት «ይጨምሩላቸው» አለች። መኪና ያለው ጓደኛ ካላችሁ ትኬቱን ግዙለትና ይዛችሁት ሂዱ። ትራስም ያዙ።