በሐዋሳ ረባዳዎች ላይ «ሐይቅ ዳር» እየተባለ ስለሚሸጥ ቦታ ለገዢዎች የቀረበ ማስጠንቀቂያ

በሐዋሳ ዳርቻ፣ በተለይም በጥቁር ውሃ አቅጣጫ ባለው ረባዳ፣ ደላሎች «ሐይቅ ዳር» የሚሉትን ቦታ ለመግዛት የምታስቡ ሁሉ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን ጽሑፍ እንድታነቡ እጠይቃለሁ። የምጽፈው 150,000 ብር ቀብድ ከፍዬ እስካሁን ያልተመለሰልኝ ሰው ሆኜ ነው።

ቦታውን ያየሁት በጥር ወር ነበር። 200 ካሬ ነው፤ መሬቱ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ በአንድ ጥጉ ከሁለት ሲኖትራክ የማያንስ አዲስ ገረጋንቲ ተገልብጦ ተደልድሏል፤ መሃሉ ላይ አንዲት ባለ አንድ ክፍል የጭቃ ቤት ቆማለች። ደላላው «ሐይቁ ከሸሸ ቆይቷል» አለኝ፤ ሻጩም ያንኑ ደገመልኝ። ደረቅ ነው የተባለ መሬት ገረጋንቲ ለምን እንዳስፈለገው መጠየቅ ሲገባኝ፣ የሻጩን ደግነት አድርጌ ቆጠርኩት። ዋጋው በአካባቢው ካርታ ያለው ቦታ ከሚጠራበት ግማሽ እንኳ የማይሞላ መሆኑም ዕድል እንጂ ምልክት አልመሰለኝም። ነሐሴ ላይ ቀሪውን ገንዘብ ከመክፈሌ በፊት አጥሩን ልለካ ስሄድ ውሃው የቤቷን ደፍ አልፎ እስከ ጉልበቴ ደርሶ ነበር፤ ገረጋንቲው የት እንደገባ አይታወቅም።

የሐይቁን ጠባይ ለሚያውቅ ሰው ይህ አስገራሚ አይደለም። የሐዋሳ ሐይቅ በገጸ ምድር የሚፈስበት መውጫ የለውም። ዓመቱን ሙሉ የሚመግበው ወንዝ ጥቁር ውሃ ሲሆን፣ የገባው ውሃ የሚቀንሰው በትነትና ወደ መሬት በመስረግ ብቻ ነው። ስለዚህ ዝናባማ ዓመታት ሲደራረቡ ሐይቁ ከፍ ይላል፤ ሲደርቅ ይሸሻል፤ የሸሸበትን መሬት ግን ለማንም አልለቀቀም። ከተማው በሐይቁ ዳር የአፈር ግድብ የሠራው ሰው የሚንሸራሸርበት መንገድ አጥቶ ሳይሆን ውሃው መጥቶ ስለሚያውቅ ነው። በዚህ ላይ ጥቁር ውሃ የሚነሣበት የጨለለቃ ረግረግ፣ ቀድሞ ሐይቅ የነበረው፣ ከላይ ከተራቆቱ ተዳፋቶች በሚወርድ ደለል እየተሞላ በመምጣቱ ጎርፍን ይዞ የማቆየት አቅሙ ተዳክሟል።

እኔ ያላየኋቸው ምልክቶች በበጋም ቢሆን የሚታዩ ነበሩ። ቄጠማና ፊላ በቅሎበት የነበረ መሬት ቢታጨድም ሥሩ ይቀራል። የጎረቤት የግንብ አጥር ካለ፣ ያለፈው ክረምት ውሃ የደረሰበት መስመር ቀለሙን ለውጦ ይገኛል። ለመጸዳጃ ጉድጓድ የቆፈረ ጎረቤት ስንት ሜትር ላይ ውሃ እንዳገኘ ጠይቁ፤ ቶሎ ውሃ የሚመነጭበት መሬት ክረምት ላይ የመጸዳጃውን ቆሻሻ ወደ ግቢ ይመልሳል። መረጃውን ከሻጩና ከደላላው ሳይሆን እዚያው ከብት ከሚያግዱ ልጆች መቀበል ይሻላል። እኔ ዘግይቼ ጠየቅኋቸው፤ ሳይሳሳቱ ነገሩኝ።

ውሃው ግን የችግሩ ግማሽ ብቻ ነው። ያስፈረሙኝ ወረቀት «የቤት ሽያጭ ውል» ይላል፤ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 3 መሬት የማይሸጥና የማይለወጥ በመሆኑ፣ የጭቃ ቤቷ የቆመችው ሰው እንዲኖርባት ሳይሆን በውሉ ላይ «ቤት» ተብላ እንድትጻፍ ነው። የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት መመዝገብ እንዳለበት የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1723 ይደነግጋል፤ የእኔ ውል የተፈረመው ግን ቡና ቤት ውስጥ በሦስት ምስክሮች ፊት ነው። የቀበሌ ማህተም ያረፈበት ደብዳቤና የመብራት ቆጣሪ ደረሰኝም ተያይዘው ነበር፤ ሁለቱም የይዞታ ማረጋገጫ አይደሉም።

ደላሎች «ማዘጋጃ ቤት በኋላ ሕጋዊ ያደርገዋል» ይላሉ። ይህ አባባል የሚያሳስተው ከፊሉ እውነት ስለሆነ ነው። የከተማ ቦታ ሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ያለ ፈቃድ የተያዙ ቦታዎች ወደ ሊዝ ሥርዓት ሊገቡ የሚችሉበትን በር ይከፍታል፤ ነገር ግን ይዞታው ከከተማው ፕላን ጋር ተጣጥሞ ተቀባይነት ሲያገኝ ነው። በፕላኑ ላይ አረንጓዴ ቦታ፣ የጎርፍ መውረጃ ወይም የሐይቅ ዳርቻ ጥበቃ ተብሎ የተከለለ ረባዳ የመኖሪያ ካርታ ይሰጠዋል ብሎ መጠበቅ በገንዘብ መቀለድ ነው። ከአዋጅ ቁጥር 624/2001 ጀምሮም ያለ ግንባታ ፈቃድ ቤት መሥራት አይፈቀድም፤ ፈቃዱን ለመጠየቅ ደግሞ የይዞታ ማስረጃ ያስፈልጋል። መንግሥት ቦታውን ቢያስነሣ፣ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ካሳ የሚከፈለው ለሕጋዊ ባለይዞታ ስለሆነ፣ እንደ እኔ ውል የያዘ ሰው ለቤቱ ቆርቆሮ እንኳ የሚጠይቅበት መሠረት የለውም።

ስለዚህ ስለ ዋጋው ከመነጋገራችሁ በፊት የካርታውን ቅጂ ተቀብላችሁ ወደ ከተማው የመሬትና የፕላን ጽሕፈት ቤት ሂዱ፤ ቦታው በፕላኑ ላይ ለምን አገልግሎት እንደተመደበ ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ለማግኘት ሞክሩ። ካርታ ካለ ደግሞ ያሳዩአችሁ ቦታ በካርታው ላይ ያለው ቦታ መሆኑን በባለሙያ አስለኩ፤ ጥሩ ካርታ ይዞ ሌላ ቦታ የሚያሳይ ሻጭ አይጠፋም። ገንዘብ በጥሬው አትስጡ። ውል ሲፈርስ ተዋዋዮች ወደ ነበሩበት እንዲመለሱ የፍትሐ ብሔር ሕጉ በአንቀጽ 1815 ቢደነግግም፣ እኔ በባንክ ስላላስተላለፍኩ መክፈሌን የሚያስረዱልኝ ምስክሮቹ ብቻ ናቸው፤ ከሦስቱ ሁለቱ የደላላው ወዳጆች ናቸው።

ካርታ ያላቸውና ከፍ ብለው የተቀመጡ የሐይቅ አካባቢ ቤቶችን አላወግዝም፤ የማወራው ስለ ረባዳው ነው። ባለፈው ሳምንት በዚያ ሳልፍ ውሃው ሸሽቷል፤ የጭቃ ቤቷ እንደ አዲስ ተመርጋለች፤ ጥጉ ላይ አዲስ ገረጋንቲ ተደልድሏል፤ ደላላውም ለሌሎች ባልና ሚስት ቦታውን እያሳየ ነበር።