ያገለገለች ሬንጅ ሮቨር ስፖርት ለጎጃም መንገድ፦ ከመግዛታችሁ በፊት

ደብረ ማርቆስም ባህር ዳርም ያሉ ልጆች እየደጋገሙ የሚጠይቁኝ ነገር ስለሆነ አንዴ ጠቅልዬ ልጻፈው ብዬ ነው። ያገለገለች ሬንጅ ሮቨር ስፖርት፣ የመጀመሪያዋን ማለቴ ነው በአውሮፓ አቆጣጠር ከ2005 እስከ 2013 የተመረተችውን፣ ትገዛለች ወይስ አትገዛም? ወንድሜ ለሰርግ የሚያከራያት 2008 ሞዴል ናፍጣ አለችው፣ ባብዛኛው የምነዳት እኔ ነኝ፣ ጋራዥ ስትገባም ከመካኒኩ ጎን የምቆመው እኔ ነኝ። መልሴ ትገዛለች ነው። ግን ኪስህ ውስጥ ያለው ብር መኪናዋን ብቻ የሚገዛ ከሆነ ተዋት። ለመጀመሪያው ዓመት ጥገና ለብቻው የተቀመጠ ብር የሌለው ሰው ይችን መኪና ባይነካ ይሻለዋል፣ ገዝተው ሰርቪሷ ሲከብዳቸው ግቢ ውስጥ ሸራ አልብሰው ያቆሟት ሰዎች ስላየሁ ነው እንዲህ የምለው።

መጀመሪያ ግን ላመስግናት። ከጎሃ ጽዮን ወርዳችሁ አባይን ተሻግራችሁ ወደ ደጀን ስትወጡ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ ነው በአንድ ትንፋሽ የምትወጡት፣ ከታች ሙቀቱ በረሃ ነው፣ አስፋልቱም መሬቱ ስለሚንሸራተት ቦታ ቦታው ላይ ተሰነጣጥቆ ተጣሟል። እዚያ ላይ ሁለት ቶን ተኩል የሚጠጋ መኪና ሰው ሞልቶ ኤሲ ተከፍቶ ሲወጣ ከውስጥ የተቀመጠው ሰው ምንም አይሰማውም፣ ወሬው አይቋረጥም። 2.7 ሊትሩ ናፍጣ ሞተር 190 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነው ያለው ግን ቱርቦ ስለሆነ ከፍታ ላይ ብዙ አይደክምም፣ ቱርቦ የሌለው ቤንዚን ሞተር ደብረ ማርቆስ ላይ ሲደርስ ጉልበቱ እንደሚቀንስ የነዳ ሁሉ ያውቀዋል። ቁልቁለቱንም ማርሹን ወደ ማንዋል አርገህ ዝቅ ባለ ማርሽ ከያዝካት ፍሬን ሸራ ሳታቃጥል ትወርዳለህ። ለሰርግ ደግሞ አማች ቤት በር ላይ ስትቆም ያላት ግርማ ሌላ ነው፣ እሱን አልዋሽም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። መኪናዋ ከየት እንደመጣች ካወቃችሁ ሞተሯንም በግማሽ አወቃችሁ ማለት ነው። ከአሜሪካ የመጣች ከሆነች ቤንዚን ቪ ኤይት (ባለ 8 ሲሊንደር) ናት፣ ይችን ሞዴል በናፍጣ እዚያ ሸጠው አያውቁም። ከዱባይ የሚመጡትም ባብዛኛው ቤንዚን ናቸው፣ ከአውሮፓ የመጣች ግን ብዙ ጊዜ ናፍጣ ናት። 4.4ቱ ቪ ኤይት ሞተሩ ጠንካራ ነው፣ መካኒኮችም የሚወዱት ነው፣ ግን ነዳጅ ይጠጣል። ሱፐርቻርጅድ የሚሉት፣ ሞተሩ ራሱ የሚያዞረው አየር መጭመቂያ ያለው 4.2 ደግሞ በፋብሪካው በራሱ ቁጥር እንኳ ለ100 ኪሎ ሜትር ወደ 16 ሊትር ነው፣ በእኛ ዳገት ከዚያ በላይ ጠብቁ። ከ2010 ሞዴል ወዲህ ያለው 5.0 ሱፐርቻርጅድ ፍጥነቱ ልዩ ቢሆንም የታይሚንግ ሰንሰለቱ (ቫልቮላዎቹን በሰዓታቸው የሚያስከፍተው) መወጠሪያና መመሪያ ፕላስቲክ የሚበላበት በዓለም ሁሉ የታወቀ ችግር አለው፣ የሞተር ማቀዝቀዣ ውሃ የሚሄድባቸው የፕላስቲክ ቱቦዎቹም እያረጁ ይሰነጠቃሉ። ጠዋት ገና ስትነሳ ከፊት በኩል ለጥቂት ሰከንድ የሚንቋቋ ድምፅ ከሰማችሁ እሱ ሰንሰለቱ ነው፣ ዋጋ አትደራደሩ፣ ሰላም ብላችሁ ሂዱ።

እኔ ለዚህ አገር የምመክረው 2.7 ናፍጣውን ነው፣ እሱም ቢሆን ግን ሦስት ነገር አለበት። አንደኛው ታይሚንግ ቺንጊያው ነው፣ የሰንሰለቱን ሥራ የሚሠራው የላስቲክ ቀበቶ ማለት ነው። ሻጭ ሁሉ "ኪሎ ሜትሩ ገና ነው" ይላችኋል፣ ኪሎ ሜትሩን ተዉት፣ ላስቲክ ስለሆነ ቆማም ብትከርም ያረጃል፣ በዕድሜ 7 ዓመት ካለፈው መቀየር ነው ያለበት። ደግሞ ብዙ ጋራዥ የፊቱን ቀይሮ ይሸኛችኋል፣ ከሞተሩ ኋላ የናፍጣ ፖምፓውን የምታዞር ሌላ ትንሽ ቺንጊያ አለች፣ እሷም አብራ ትቀየራለች፣ ቺንጊያዎቹ ሁለት ናቸው የመቀየሩ ሥራ ግን አንድ ነው። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሞተሮች ላይ የቺንጊያው መወጠሪያ የሚታሰርበት የዘይት ፖምፓ ቤት ደካማ ነበር፣ እዚያ ጋ ሲሰነጠቅ ቺንጊያው ይለቃል ቫልቮላም ይታጠፋል፣ ስለዚህ ቺንጊያ ሲቀየር የተሻሻለውን ፖምፓ አብሮ ማስገባት ወጪ ቢመስልም ሞተር ማዳን ነው። ሁለተኛው የክራንክ ሻፍት፣ ፒስተኖቹ የሚያዞሩት የሞተሩ ዋና ዘንግ፣ መሰበር ነው፣ ይሄ የዚህ ሞተር ትልቁ ስጋት ነው፣ ሁሉም ላይ አይደርስም ግን የደረሰበት ሰው ሞተር ነው የሚቀይረው። በእጃችሁ ያለው መከላከያ ዘይት ነው። ፋብሪካው እስከ 24,000 ኪሎ ሜትር ቢፈቅድም ያ ለአውሮፓ መንገድና ለአውሮፓ ናፍጣ የተባለ ነው፣ እዚህ ከ8,000 እስከ 10,000 ሲሞላ 5ደብሊው30 ዘይቱን ቀይሩ፣ ሻጩ ዘይት የቀየረበት ደረሰኝ ከሌለው ደግሞ ያልተቀየረ ብላችሁ ቁጠሩት። ሦስተኛው ኢጂአር ቫልቩ ነው፣ የጭሱን ከፊል መልሶ ወደ ሞተር የሚያስገባው፣ ጥላሸት ይይዘዋል ጉልበት ይጠፋል ጥቁር ጭስ ይወጣል። የሰርግ መኪና ላይ ይሄ ይብሳል ምክንያቱም ጥርና ከፋሲካ በኋላ ቅዳሜና እሁድ ሙሉ ሞተር ሳይጠፋ ኤሲ ተከፍቶ ፎቶ እስኪነሱ ቆማ ነው የምትውለው፣ ሰልፉም በእግር ፍጥነት ነው። ከሰርግ በኋላ አንዴ ረጅም መንገድ ሞቅ አርጎ መንዳት ብዙ ይረዳል። ቱርቦ ከሄደ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፣ ብዙ መካኒክ ቱርቦውን ለማግኘት አካሉን ሙሉ ከሻንሲው ላይ ያነሳዋል፣ እቃው ሳይሆን የእጅ ሥራው ነው የሚጎዳችሁ፣ እና ይሄን የሚያነሳ ሊፍት በየከተማው የለም።

ጎጃም ላይ ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀው የአየር ሰስፔንሽኗ ነው፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ሞላ የላትም፣ አራቱም ጎማ ላይ በአየር የሚነፋ ላስቲክ ነው ያለው፣ አየሩን የሚሰጥ ኮምፕሬሰር ከስር በግራ በኩል በሽፋን ውስጥ ተቀምጧል። ላስቲኩ ወይ ቱቦው ትንሽ አየር ካሳለፈ ኮምፕሬሰሩ እረፍት ያጣል፣ እረፍት ሲያጣ ይቃጠላል፣ መጨረሻ ላይ መኪናዋ መሬት ላይ ቁጭ ትላለች። ስለዚህ ኮምፕሬሰር የተቃጠለበት መኪና ላይ አዲስ ኮምፕሬሰር ብቻ መግጠም ብር ማቃጠል ነው፣ ያፈሰሰው ካልተገኘ አዲሱም ይከተለዋል።

ይሄን በዓይኔ ያየሁት ነው። ከሞጣ በኩል የጠጠር መንገድ ነድቼ በተመለስኩ ማግስት ጠዋት ኋላ ቀኝ ጎኗ ወርዶ አገኘሁት። አንድ ጋራዥ ወሰድናት፣ ኮምፒውተር ሰክተው "ኮምፕሬሰሩ ሞቷል ከአዲስ አበባ እዘዙ" ብለው የዋጋውን ግማሽ ቅድሚያ ጠየቁ፣ አንድም ሰው ከስር ገብቶ አላየም። ወንድሜ ሊከፍል ነበር። እኔ ባህር ዳር ወደማውቃቸው አንድ ሽማግሌ መካኒክ ወሰድኳትና "አያ፣ ኮምፕሬሰር ነው አሉን" ስላቸው "አይ ልጄ፣ ድምፁን ስሚው እስኪ፣ የሞተ ነገር እንዲህ ይጮሃል?" አሉኝ። ኦሞ በውሃ በጠበጡ፣ በእንጨት ላይ በታሰረ ጨርቅ እየነከሩ ከላስቲኩ ጀምረው ቱቦውን ተከትለው ሄዱ፣ ላስቲኩ ላይ ምንም የለም፣ ቱቦው ከላይ የሚገባበት መገጣጠሚያ ጋ ሲደርሱ አረፋው ቁልጭ ቁልጭ እያለ ወጣ። ጠጠር መትቶት ቱቦው ጥግ ላይ ተፍቋል። የተፋቀውን ቆርጠው መልሰው አስገቡት፣ ሌሊቱን እዚያው አሳደርናት፣ ጠዋት አራቱም ጎን እኩል ነበር። ለእኔ ከዚያ ወዲህ መኪና ገዢ ሁሉ የሚያደርገው ፈተና ይሄ ነው፦ ማታ ደልዳላ ቦታ አቁሙ፣ ከጎማው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ በአራቱም በኩል ለኩ፣ ጠዋት ሳታስነሱ መልሳችሁ ለኩ። ሻጩ ማሳደር ካልፈቀደ ምክንያቱን ታውቁታላችሁ። አንዳንዴ ደግሞ ጥፋቱ ኮምፕሬሰሩን የምታበራና የምታጠፋው ርካሿ ሪሌ ላይ ነው፣ ተጣብቃ ኮምፕሬሰሩን አላጠፋም ስትል ነው የሚቃጠለው፣ ኮምፕሬሰር የሚቀይር ሰው ሪሌዋንም ይቀይር። የድሮውን ሂታቺ የሚባል ኮምፕሬሰር አውጥታችሁ አዲሱን ኤ ኤም ኬ ስትገጥሙ ሶፍትዌሩም መስተካከል አለበት፣ አለበለዚያ ተገጥሞም ፎልት ይጽፋል፣ ይሄን የማያውቅ ሰው "እቃው ፎርጅድ ነው" ብሎ ከሻጭ ጋር ሲጣላ ይውላል።

አየሩን አውጥተው ሞላ የሚያስገቡ አሉ። አልቃወምም፣ ገጠር ለገጠር ለሚሄድ ሰው ሰላም ነው። ግን ከፍ ዝቅ ማለቷ ይቀራል፣ አነዳዷም ይቀየራል፣ እኔ ብሆን ላስቲኮቹን አሳድሼ በአየር እቀጥላለሁ።

ካምቢዮዋ የጀርመኑ ዜድ ኤፍ ባለ 6 ማርሽ ነው፣ ጥሩ ካምቢዮ ነው፣ "ዘይቱ የዕድሜ ልክ ነው አይቀየርም" የሚለውን ወሬ ግን አትስሙ፣ ካምቢዮውን የሠራው ድርጅት ራሱ ከ80,000 እስከ 120,000 ኪሎ ሜትር ሲሞላ ቀይሩ ይላል። ፊልትሮው ከታችኛው ፕላስቲክ ሳህን ጋር አንድ ላይ የተሠራ ስለሆነ ሳህኑ ነው የሚቀየረው። ትክክለኛውን የዜድ ኤፍ ዘይት እንጂ ሱቅ ላይ ያገኛችሁትን የካምቢዮ ዘይት እንዳታስገቡ አደራ። ፈተና ስትነዱ ዳገት ላይ ማርሽ ስትቀይር የምትገፋችሁ ከሆነ ልብ በሉ።

የእጅ ፍሬኗ በኤሌክትሪክ ነው የሚሠራው፣ ክረምት ላይ ጭቃ ገብቶበት ከደረቀ የሚያንቋርር ድምፅ ያወጣል፣ ኋላ ጎማ አውጥቶ ማጽዳትና ማስተካከል ነው። ከፊት የታችኛው ክንድ ጎሚኒዎች በክብደቷ ምክንያት ቶሎ ይበላሉ፣ ጉድጓድ ላይ ኳ ካለች እነሱ ናቸው፣ ይሄ ከባድ ወጪ አይደለም። ባትሪ ሲደክም ዳሽቦርዱ ላይ የማይመለከተው መብራት ሁሉ ይበራል፣ ስለዚህ መብራት አይታችሁ ከመደንገጣችሁ በፊት ባትሪውን አስለኩ። ጣራዋ የሚከፈት ከሆነ የውሃ መውረጃዎቹ በአቧራ ይደፈናሉ፣ ምንጣፉን አንስታችሁ እርጥበት ዳብሱ።

ጎማ። 20 ኢንች ቸርኬ ያላትን አትግዙ፣ ከገዛችሁም 19 ኢንች 255/50 ፈልጉላት። ጎኑ ቀጭን የሆነ ጎማ የእኛን ጉድጓድ አይችልም፣ ጎማው ብቻ ሳይሆን ቸርኬውም ይሰነጠቃል፣ መጠባበቂያውንም ነፍታችሁ ያዙ፣ በዚህ ልክ የሚሆን ጎማ ፍኖተ ሰላም ወይ ዳንግላ ላይ አገኛለሁ ብላችሁ መንገድ አትውጡ።

ወጪውን በተመለከተ፣ በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ አዋጅ ያረጀ መኪና ማስገባትን አከበደው፣ በ2016 ዓ.ም ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ጭራሽ እንዳይገባ ተከለከለ፣ ስለዚህ አገር ውስጥ ያሉት ናቸው የሚዞሩት፣ ዕድሜያቸውም በየዓመቱ ይጨምራል። ከዚያ ሐምሌ 2016 ላይ የምንዛሪው ተመን በገበያ ይወሰን ሲባል ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ ከ100 አለፈ፣ የዚች መኪና እቃ በሙሉ ከውጭ ነው የሚመጣው፣ አስቡት። አንድ የሚያጽናና ነገር ብዙው እቃዋ ከላንድሮቨር ዲስከቨሪ 3 ጋር አንድ መሆኑ ነው፣ አዲስ አበባ መለዋወጫ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ስትጠይቁ "የስፖርት የለም" ከተባላችሁ "የዲስከቨሪ 3ስ?" በሉ፣ ብዙ ጊዜ ይገኛል። ኮምፕሬሰር፣ ላስቲክ፣ ቱርቦ፣ ካምቢዮ ያገለገለ ሲሸጥላችሁ ዋስትና አስጽፉ፣ ፊልትሮና ቺንጊያ ግን ያገለገለ ወይ ስሙ የማይታወቅ አትግዙ። ናፍጣ በጀሪካን ከመንገድ የሚገዛ ሰው ደግሞ ውሃ የገባበት ከደረሰው ፖምፓውና ኢንጀክተሮቹ ላይ የሚመጣው ወጪ ከቺንጊያው ይበልጣል፣ የናፍጣ ፊልትሮዋን ቶሎ ቶሎ ቀይሩ።

ከፕራዶ ጋር አታወዳድሯት። ፕራዶ ቡሬም ሆነ እንጅባራ ላይ ብትቆም የሚያነሳት መካኒክ አለ፣ ስትሸጥም በሳምንት ትሸጣለች። ስፖርቷ ግን ገዢ ጠብቃ ነው የምትሸጠው። በየቀኑ እንጀራውን ከመኪናው የሚበላ ቤተሰብ ፕራዶ ይግዛ። ሌላ መኪና ያለው፣ ለሰርግና ለረጅም መንገድ የሚፈልግ፣ ጥገናውን አስቀድሞ በጀት የያዘ ሰው ግን ስፖርቷን ይግዛ፣ ይደሰትባታል።

ለመግዛት ስትሄዱ ተራ ስካነር ይዛችሁ አትሂዱ፣ እሱ የሞተሩን ኮድ ብቻ ነው የሚያነበው፣ የሰስፔንሽኑንም የካምቢዮውንም የእጅ ፍሬኑንም የሚያነብ የላንድሮቨር ስካነር ያለው ሰው ከባህር ዳር ወይ ከአዲስ አበባ ይዛችሁ ሂዱ፣ የቀን አበሉን ክፈሉት። ሻጩ የቺንጊያ ደረሰኝ ካላሳየ የሁለቱን ቺንጊያና የዘይት ፖምፓውን ዋጋ፣ የካምቢዮ ሳህንና ዘይት ካልተቀየረ የእሱን፣ የአየር ሰስፔንሽኑ ላስቲኮች ጥርስ ጥርስ ብለው ከተሰነጠቁ የአራቱንም ደምራችሁ ከጠራው ዋጋ ላይ ቀንሱ። ደላላው ይቆጣል፣ ይቆጣ። ሻጩ እሺ ካለ ብሩን ከመክፈላችሁ በፊት የሻንሲ ቁጥሯን ከሊብሬው ጋር አስተያዩ።