መንታ ያረገዛችሁ እህቶቼ፣ አራት ኪሎ ያሉትን ዶክተር ሳታገኙ አትቅሩ

ልጆቼ ትናንት አምስት ወር ደፈኑ። ይህን የምጽፈው ሁለቱም አጠገቤ ተኝተው ነው። እስከ ዛሬ የዘገየሁት አንድም ጊዜ ስላጣሁ፣ አንድም ያለፈውን ባሰብኩ ቁጥር እንባ ስለሚቀድመኝ ነው።

መንታ መሆናቸውን ያወቅሁት በሦስተኛው ወር ነው። አልትራሳውንድ ያየኝ ባለሙያ "መንታ ናቸው፣ ደህና ናቸው" ብሎ አንዲት ፎቶ ሰጥቶ ሸኘኝ። አምስት ደቂቃ እንኳን አልፈጀበትም። በአምስተኛው ወር ሌላ ቦታ ሄድኩ። እዚያ ያየኝ ሰው ስክሪኑን ወደ ራሱ አዙሮ፣ ስልክ እያወራ፣ "አንዷ አላደገችም፤ ላትተርፍ ትችላለች" አለኝ። ምን ማለት ነው ብዬ ብጠይቀው "ከሁለት ወር በኋላ ተመለሺ" ብሎ ቀጣዩን ባለተራ ጠራ። ሁለት ወር! እስከ ሽሮ ሜዳ ድረስ ታክሲ ውስጥ እያለቀስኩ ሄድኩ። አጠገቤ የተቀመጡ እናት በነጠላቸው ጫፍ ፊቴን ጠረጉልኝ። ያንን ሰው ይቅር ለማለት ሞክሬያለሁ፤ እስካሁን አልቻልኩም።

ወደ አራት ኪሎ የላከችኝ የባለቤቴ እህት ናት። ዶክተሯ በዕድሜ የገፉ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሴት ናቸው። አልጋ ላይ ሳልወጣ በፊት "እስካሁን የታየሽበትን ወረቀት ሁሉ አምጪ" አሉኝ። ያቺን የሦስተኛ ወር ፎቶ በጸሎት መጽሐፌ ውስጥ አስቀምጫት ነበር። ያ ሁለተኛው ቦታ "አሮጌ ወረቀት አያስፈልግም" ብሎ ሳያያት መልሶልኛል። እሳቸው ግን መነጽራቸውን አድርገው፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን ወስደው፣ ረጅም ጊዜ ተመለከቷት። ከዚያ በሁለቱ መካከል ያለችውን ቀጭን ግድግዳ በእስክሪብቶ ጫፍ እያሳዩ "ልጄ፣ ልጆችሽ የሚጋሩት አንድ እንግዴ ልጅ ነው። ይህ በደንብ የሚለየው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ነው፤ እንኳንም አልጣልሻት" አሉኝ። እኔ ያየሁት ጥላ ብቻ ነው።

አንድ እንግዴ ልጅ ሲጋሩ ደሙ ወደ አንዷ ሊያደላ ይችላል አሉኝ፤ ያን ጊዜ የአንዷ የሽርት ውሃ ይበዛል፣ የሌላዋ ይጎድላል። ለዚህ ነው ከ16ኛው ሳምንት ጀምሮ በየ2 ሳምንቱ መታየት የነበረብኝ። ይህን ከእሳቸው በፊት የነገረኝ ሰው አልነበረም!

የዚያን ቀን ምርመራው አንድ ሰዓት ያህል ፈጀ። ስክሪኑን ወደ እኔ አዞሩት፤ ውጭ የቀረውን ባለቤቴንም አስጠሩት። ትንሿ ጥጓን ይዛ አልታይ አለች። ሳይቸኩሉ፣ ሆዴን በመዳፋቸው ገፋ እያደረጉ ጠበቋት። የልቧ ምት ሲሰማ "ስሚያት፤ ትንሽ ናት፣ ልቧ ግን ብርቱ ነው" አሉኝ። ከሳምንታት በኋላ እንቅልፍ የወሰደኝ በዚያ ሌሊት ነው።

ከዚያ ወዲህ በየሁለት ሳምንቱ ክብደታቸውን፣ ውሃቸውን፣ በእትብታቸው የሚያልፈውን ደም ሲከታተሉልኝ ቆዩ። በ34ኛው ሳምንት የትንሿ ነገር ሲያሳስባቸው ነገ ነይ አላሉኝም። እዚያው ቆመው ሆስፒታል ደወሉ፤ ደብዳቤውን በእጃቸው ጽፈው ላኩኝ። በማግሥቱ በቀዶ ሕክምና ተገላገልኩ። ታላቋ 2.2 ኪሎ፣ ትንሿ 1.6 ኪሎ ነበሩ። ትንሿ 16 ቀን በጨቅላ ሕፃናት ክፍል ቆይታ ወጣች። እናቴ ገንፎውን እያገነፋች ሳለ ስልኬ ጮኸ፤ "እንኳን ማርያም ማረችሽ" የሚለው ድምፅ የእሳቸው ነበር። እናቴ ስልኩን ተቀብላ የመረቀቻቸውን ምርቃት እኔ ልደግመው አልችልም።

ዶክተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

ስማቸው በአደባባይ እንዲወጣ ስላልፈለጉ አልጻፍኩትም። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ሌሊትም ቢሆን ነቅቼ ስለማድር ለእያንዳንዳችሁ እመልሳለሁ። ሂዱ፣ እባካችሁ ሂዱ። ስትሄዱም በመጀመሪያዎቹ ወራት የተነሳችሁትን ፎቶ ይዛችሁ ሂዱ።