ጭሱን መንገድ ላስያዙልኝ ጋሼ፣ ምስጋናም ጥቆማም ነው

ሰላም ናችሁ፣ ይሄን ፖስት ካሰብኩት ቆይቷል፣ ግን ጋሼ ለስሞከሬ (ስጋ በጭስና በዝግታ ሙቀት የሚበስልበት ምድጃ ነው) የሰሩልኝ መጠለያ ዝናብም ንፋስም ሳይቀምስ ማመስገን ቶሎ ይሆናል ብዬ ነው የዘገየሁት። አሁን ሁለቱንም ቀምሷል። ስሞከር ያላችሁ ወይም ልትገዙ ያሰባችሁ በደንብ አንብቡት፣ ሌሎቻችሁም ቢሆን አንድ ቀን የብረት ስራ የሚሰራ ጥሩ ባለሙያ መፈለጋችሁ አይቀርም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኔ ስሞከር ከሰሉና እንጨቱ የሚነድበት ሳጥን በጎን በኩል ለብቻው ያለው አይነት ነው፣ ጭሱና ሙቀቱ ከዛ ወደ ዋናው በርሜል ገብቶ ስጋውን አልፎ በማዶ ባለው ጭስ ማውጫ ይወጣል። አሪፍ እቃ ነው ግን ሜዳ ላይ ስታቆሙት ፀባዩ አይታወቅም፣ ንፋስ ሲነሳ እሳቱ ይጋጋማል፣ ዝናብ ሲነካው ብረቱ ይቀዘቅዝና ቴርሞሜትሩ ቁልቁል ይወርዳል፣ እኔ ደሞ የምፈልገው 110 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ረግቶ እንዲቆይልኝ ነው፣ ትልቅ ስጋ ከሆነ ደሞ 8 እና 10 ሰዓት ሊፈጅ ይችላል፣ ያን ሁሉ ሰዓት ዣንጥላ ይዤለት ቆሜ አውቃለሁ፣ ለኔ ሳይሆን ለስሞከሩ ማለቴ ነው፣ ባለቤቴ ፎቶ አንስታኝ እስካሁን መሳቂያ ነኝ።

ከዛ አንድ ሰው (ማን እንደሆነ ይቅር) ለስሞከሩ በፕላይውድ የተዘጋ በር ያለው ትንሽ ክፍል ነገር ሰራልኝ። እውነቱን ለመናገር ዝጋልኝ ዝጋልኝ ያልኩት እኔው ነኝ። ሁለተኛ ቀን ስጠቀምበት ንፋስ ስለነበረ በሩን ገርበብ አድርጌ ውስጥ ቆየሁ፣ ራሴን ያመኝ ጀመር፣ ቀጥሎ አዞረኝ፣ ምግብ ስላልበላሁ ነው ብዬ ችላ አልኩት፣ ወጥቼ ንፁህ አየር ሳገኝ ነው ቀስ እያለ የለቀቀኝ። ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ጭስ የማይታይበት የቀላ ፍምም ያወጣዋል፣ ስለዚ ጭሱ ቀነሰ ብሎ መቀመጥ አያዋጣም። ጋራዥ ውስጥ በሩን ከፍቼ አደርገዋለሁ የምትሉም እባካችሁ ተዉት። እሳቱ ከሚነድበት ሳጥን ጀርባ ያለው ጣውላ ደሞ በሁለት ቀን ጠቁሮ አገኘሁት።

ጋሼን ያገኘኋቸው በሰው በሰው ነው። ስሜን እንዳትጽፍ ስላሉኝ ጋሼ እያልኩ ልቀጥል። በያጅ ናቸው፣ ግን ግንበኝነቱንም አናጢነቱንም ይነካካሉ። መጥተው ያቺን ክፍል ከፍተው አዩና ዞር ብለው "ልጄ፣ እዚህ ውስጥ የሚታጠነው ማነው፣ ስጋው ነው አንተ?" አሉኝ። በቃ እዛው ነው የወደድኳቸው።

ሜትር ያወጣሉ ብዬ ስጠብቅ አሮጌ ጣሳ ስጠኝ አሉ። ትንሽ ፍም ጨመሩበት፣ ከላይ እርጥብ ቅጠል ጣል አደረጉና እያጨሱ ግቢውን መዞር ጀመሩ፣ እዚህ ቆም፣ እዛ ቆም፣ ጭሱን እያዩ ዝም። ጠዋት ነበር። አመሻሽ ላይ ተመልሰው ያንኑ ደገሙት። እኔ የመረጥኩት ሁለት ግንብ የሚገናኝበትን ጥግ ነበር፣ ከንፋስ የተከለለ ይመስላል እኮ፣ ጭሱ ግን እዛ ገብቶ መውጫ አጥቶ ሲሽከረከር በአይኔ አየሁት። አመሻሽ ላይ ደሞ ከዛው ጥግ ተነስቶ ቀጥ ብሎ ወደ ጎረቤት መስኮት። ስለዚ ከቤቱ ከ3 ሜትር በላይ ራቅ ያለ ቦታ አስመረጡኝ።

የሰሩት ነገር ሲታይ ምንም አይመስልም። አራት የብረት ቋሚ፣ ከፍ ያለ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ እና ንፋስ በሚበዛበት በኩል አንድ የላሜራ ግድግዳ ብቻ፣ ሌላው ጎን ሁሉ ክፍት። ያቺ ግድግዳም መሬት አትነካም ጣሪያም አትነካም፣ ከታች አንድ ስንዝር ተኩል፣ ከላይ ደሞ ከዛ ሰፋ ያለ ክፍተት አላት፣ ቀዝቃዛው በታች ገብቶ የሞቀው በላይ እንዲወጣ ነው፣ ላይኛው ከጠበበ ጭሱ ተመልሶ አንተ ላይ ነው የሚወርደው አሉኝ። በስሞከሩ ጭስ ማውጫ ላይ ቧንቧ ቀጥለን በጣሪያው እናውጣው ብዬ ለምኜ ነበር፣ እምቢ። ቧንቧው በረዘመ ቁጥር ይበልጥ ስለሚስብ እሳቱ ከቁጥጥር ይወጣል፣ ላዩ ሲቀዘቅዝ ደሞ ጭሱ ውስጡ ላይ እንደ ሬንጅ ይጋገርና ቁልቁል ይንጠባጠባል። ብርሃን እንዲያስገባ ላስቲክ ነገር ጣሪያ ስላቸውም እምቢ፣ ሙቀት ያለሰልሰዋል።

እሳቱ ከሚነድበት ሳጥን አጠገብ ያለውን ሁሉ በዚንክ በተለበጠ ቆርቆሮ ሳይሆን በጥቁሩ ላሜራ ነው የሰሩት። ለምን ስላቸው ዚንክ በጣም ሲግል የሚያወጣው ጭስ ጥሩ አይደለም፣ "በያጅ ነኝ፣ ደረቴ ያውቀዋል" አሉ። ጣሪያውን ደሞ ወደ ኋላ አዘነበሉት፣ እንፋሎቱ ቀዝቃዛ ቆርቆሮ ላይ ጤዛ ሆኖ ቡናማ ጠብታ ይሰራል፣ አሁን ክዳኑ ላይ መንጠባጠቡ ቀርቶ በቆርቆሮው ተንሸራቶ ከኋላ ይወርዳል። ይሄን እኔ በህልሜም አላስበውም ነበር።

ለውጡን ልንገራችሁ፣ ድሮ ወፍራም ነጭ ጭስ ነበር፣ ስጋው መረር ይል ነበር፣ እንጨቱ ነው ብዬ ስንት እንጨት ቀያየርኩ። ለካ እሳቱ አየር አጥሮት ኖሯል። አሁን የሚወጣው ቀጭን ሰማያዊ ነገር ነው፣ አንዳንዴ ጠፍቷል እንዴ ብዬ ሄጄ አያለሁ። ቴርሞሜትሩ ከ105 እስከ 115 ውስጥ ነው የሚጫወተው፣ ከሰሉም የቀነሰ ይመስለኛል። (ዶሮ የምትሰሩ ግን የበርሜሉን ሙቀት አይታችሁ አትመኑ፣ የስጋው ውስጥ 74 ዲግሪ መድረሱን ስጋው ውስጥ በሚሰካ የቴርሞሜትር መርፌ ለኩ።)

እንግዲህ ሁሉም ማር አይደለም። ከተባባልነው ቀን አንድ ሳምንት ዘግይተዋል፣ ሌላ ስራ ይዘው እንደነበር በኋላ ነው የነገሩኝ፣ ያኔ በጣም ተናድጄ ነበር። ሙቀት ይችላል የተባለው ቀለምም አንድ ቦታ ላይ ተላጠ። ደውዬ ሳልጨቃጨቅ መጥተው ፍቀው ድጋሚ ቀቡት፣ ምንም አላስከፈሉኝም፣ በዛው ከተረፈው ላሜራ ክዳን ያለው ባልዲ በይደውልኝ ሄዱ፣ አመዱን እዛ አድርግ፣ ሞቷል ብለህ ቆሻሻ ላይ እንዳትደፋው፣ ፍም እስከ ማግስቱ ተደብቆ ያድራል ብለው። በማግስቱ ጠዋት ባልዲውን ስነካው ለብ ያለ ነበር።

ጋሼ እጅዎን ይባርከው፣ እድሜና ጤና ይስጥልኝ። ማሰራት የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝና አገናኛችኋለሁ። ንድፉን ግን እናንተ ይዛችሁ አትሂዱ፣ ጊዜያችሁን ነው የምታባክኑት፣ ጣሳ ብቻ አዘጋጁ። ቀን ሲሰሩ ስልክ አያነሱም፣ ቴክስት አያነቡም፣ ማታ ደውሉ።