የደንብ መጽሐፍ ይቅደም ወይስ ጀብዱ?

ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠን፣ እያንዳንዳችን አንድ ገጸ ባሕርይ ሆነን ታሪክ ለምንጫወትበት የሚና ጨዋታ አዲስ መጽሐፍ ሊወጣ ነው ሲባል ልቤ ይሰቀላል። ግን ገንዘቤ ለአንዱ ብቻ ቢበቃ የቱን ልያዝ፤ የጨዋታውን ሕግ የያዘውን የደንብ መጽሐፍ ወይስ የተዘጋጀ ታሪክ የያዘውን ጀብዱ?

የደንብ መጽሐፍ ዕድሜው ረጅም ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 የተጀመረው ደንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ የተባለው የሚና ጨዋታ ደንቡ በተደጋጋሚ ተከልሷል። በ2024 የወጣው የተጫዋቾች መጽሐፍ ለገጸ ባሕርያት የሚመረጡ 12 የሙያ ዘርፎች አሉት። ተዋጊውም አስማተኛውም እዚያ ናቸው። አንዴ ከገዙት ለዓመታት ያገለግላል።

ጀብዱ ግን ሌላ ነገር ነው። መንደሩ፣ ካርታው፣ ዋሻው ውስጥ ያደፈጠው ጠላት ተሰናድቶ ይመጣል። ታሪኩን የሚመራው አጫዋች ከሥራ ደክሞ ቢገባ እንኳ ማታውኑ ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋዋል። «በሩን ከፈታችሁት፤ ሻማው ጠፋ» ሲል ሁሉም ጭጭ ይላል። ባለ 20 ጎኑ ዳይስ ሲንከባለል ማንም ስልኩን አያይም። ይህን ደንብ ብቻውን አይሰጥም። እርግጥ ነው፣ ምስጢሩ አንዴ ከታወቀ ያው ቡድን ጀብዱውን ደግሞ መጫወቱ አይጥምም።

እኔን ከጠየቃችሁ ጀብዱው ይቅደም። የጨዋታው መሠረታዊ ደንቦች በነጻ ይገኛሉ። ለቀድሞው የ2014 ደንብ የተጻፉ ጀብዱዎችም በ2024ቱ ደንብ ይሠራሉ። ወፍራሙን መጽሐፍ ቡድኑ አዋጥቶ ቀስ ብሎ ይገዛዋል።