«ናፍጣ ቆጣቢ» ጠርሙስ የሚሸጡላችሁ ሰዎች መጥተዋል፣ ተጠንቀቁ

ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ የጭነት መኪናና የትራክተር ባለቤቶች፣ ሹፌሮችም፣ እባካችሁ ይህን አንብቡት። በየጋራዡና በየማደያው ወረፋ «ናፍጣ ውስጥ ጨምሩት፣ ከመቶ ሃያ ይቆጥባል» እየተባለ የሚሸጥ ፈሳሽ አለ። እኔ ገዝቻለሁ። አንድ ካርቶን፣ 12 ጠርሙስ፣ አንዱ በ1,200 ብር። ብሩ ሄደ። ከብሩ በላይ ያንገበገበኝ ግን የአጎቴ ትራክተር ነው።

ሻጩ አፉ ጤፍ የሚቆላ ልጅ ነው። «የሐረጎን ዳገት ስትወጣ ጭስ አታይም፣ ጉልበት ይጨምራል፣ ናፍጣ የሚረጨውን ኖዝል ያጥባል፣ ውሃ ያጠፋል» አለኝ። ማስረጃ ብሎም የአንድ ሹፌር ቪዲዮ አሳየኝ። ሹፌሩ ከኮምቦልቻ ተነስቶ በባቲ በኩል ሚሌ ሲደርስ ምን ያህል ናፍጣ እንደተረፈው ያሳያል። አመንኩ።

ነገሩ የገባኝ ከከፈልኩ በኋላ ነው። ኮምቦልቻ ከባህር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሚሌ በረሃ ነው። መንገዱ ውጣ ውረድ ቢኖረውም በጥቅሉ ቁልቁለት ነው። ወደ ጅቡቲ የሚወርድ መኪና ደግሞ ብዙ ጊዜ ባዶውን ይሄዳል፤ ጭነት ይዞ ዳገቱን የሚገፋው ሲመለስ ነው። በዚያ ጉዞ ምንም ሳይጨምር ቢለካም ናፍጣው ይተርፈው ነበር። የመልሱን ቪዲዮ ማንም አላሳየኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

ከዚያ ራሴ ለካሁ። ኤፍ ኤስ አር የጭነት መኪናዬን ሁለት ደርሶ መልስ አዲስ አበባ ያለ ፈሳሹ፣ ሁለት ደርሶ መልስ በፈሳሹ ነዳሁት። ጭነቱ ተቀራራቢ ነው። ስነሳም ስመለስም የሞላሁት ከአንድ ማደያ፣ እስከ አፉ ድረስ ነው። ልዩነቱ ጥቂት ሊትር ነው፤ እሱም አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ። ቆጠበ የሚያስብል ነገር አላገኘሁም።

ሂሳቡን ደግሞ እንየው። አንዱ ጠርሙስ ለ200 ሊትር ነው ይላሉ። 1,200 ብር ለ200 ሲካፈል በሊትር 6 ብር ነው። ናፍጣ 120 ብር ነው ብላችሁ ብታስቡ፣ የጠርሙሱን ዋጋ ለመመለስ ብቻ ከመቶ አምስት መቆጠብ አለበት። ትርፍ የሚባለው የሚጀምረው ከዚያ ወዲያ ነው። ጤነኛ የናፍጣ ሞተር ደግሞ ከገባለት ነዳጅ ከመቶ 98 በላዩን ያቃጥለዋል። ሳይነድ ቀርቶ ጠርሙሱ የሚያድነው ከመቶ ሃያ ከየት ይመጣል?

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሲወጣ ሐረጎ ላይ የሚታየው ጭስም ሌላ ምክንያት አለው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ከባህር ዳርቻው ሩብ ያህል ይሳሳል። ቱርቦ (አየር ገፍቶ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር አየር ሲያጥረው ናፍጣው በደንብ አይነድም፣ ጥቁር ያጨሳል፣ ጉልበትም ይቀንሳል። የአየር ፊልትሮው በአቧራ ከታፈነ ወይም ኖዝሉ የሚያንጠባጥብ ከሆነ ደግሞ ይብሳል። ታንክ ውስጥ የሚፈስ ጠርሙስ ለሞተሩ አየር አያመጣለትም።

አሁን ወደ ትራክተሩ። አጎቴ ሐርቡ አካባቢ ያርሳሉ። አራት ጠርሙስ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። ትራክተሩ ለወራት ታንኩ ሳይሞላ ቆሞ ነበር። ግማሽ ባዶ ታንክ ሌሊት ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያለው እርጥበት ጠል ይሆንና ታች ይጠራቀማል። በወጉ ቢሆን ያ ውሃ ከናፍጣው ስለሚከብድ ከታች ይቀመጣል፣ ውሃን ከናፍጣ የሚለየው ሰፓሬተርም ይይዘዋል፣ ቡሎኑን ፈትቶ ማፍሰስ ነው። ይህ «ውሃ አጥፊ» ፈሳሽ ግን ውሃውን አላጠፋውም። ሳሙና ቅባትን ከውሃ እንደሚያዋህደው ውሃውን ከናፍጣው ጋር አዋሃደው። የተዋሃደ ውሃ ደግሞ ሰፓሬተሩን አልፎ ይሄዳል። የእርሻው ሥራ በተጀመረ በሦስተኛው ቀን ሞተሩ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ነጭ ጭስ አወጣ፣ ጠፋ። ኮምቦልቻ ወስደን ናፍጣ ወደ ኖዝሉ የሚገፋውን ፖምፓ ስናስፈታ ውስጡ ዝጓል። በትክክል የሚገጥሙት ብረቶች ተጭረዋል። ባለሙያው ናፍጣውን በጠርሙስ ቀድቶ አሳየን፤ እንደ አጓት ደፍርሷል። አጎቴ አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። ዝናቡ ሳያልፍ በበሬ ልሞክረው ብለው ሄዱ። ይህን ሳስብ እስካሁን ሆዴ ይባባል።

እውነተኛ የናፍጣ አዲቲቭ የለም አልልም። አለ። ሰልፈሩ የተቀነሰ ናፍጣ ማለስለሻ ይጨመርበታል፣ ናፍጣው ቶሎ እንዲቀጣጠል ሲቴኑን ከፍ የሚያደርግ አለ፣ ኖዝል የሚያጸዳም አለ። ይህን በአብዛኛው የሚጨምሩት አጣሪዎችና ዴፖዎች ናቸው፣ ለክተው፣ እጅግ በትንሽ መጠን። እኔ የገዛሁት ጠርሙስ ላይ ግን የአምራች አድራሻም፣ ውስጡ ምን እንዳለም አልተጻፈም። «እስከ 30 ዲግሪ ከዜሮ በታች አይረጋም» የሚል ግን በትልቁ አለበት። የጦሳ ተራራ ብርድ ብርድ ነው፣ ግን ናፍጣ የሚያረጋ ብርድ አይደለም። ይህን ሳነብ መንቃት ነበረብኝ።

በ1,200 ብሩ የናፍጣ ፊልትሮ ለውጡ። የአየር ፊልትሯችሁን አጽዱ። ሰፓሬተሩን በየሳምንቱ አፍስሱ። ትራክተር ለወራት የምታቆሙ ከሆነ ታንኩን ሞልታችሁ አቁሙ።

ፈሳሹን አስቀድማችሁ የጨመራችሁ ካላችሁ ሞተሩን ከማስነሳታችሁ በፊት ከታንኩ ሥር ትንሽ ናፍጣ በንጹህ ጠርሙስ ቅዱና አሳድሩት። ጠዋት ብርሃን ላይ አንሱት። ጠርቶ ወዲያ ማዶ የሚያሳይ ከሆነና ከሥሩ ውሃ ካልተቀመጠ ደህና ነው። ከደፈረሰ ወይም ከሥሩ ውሃ ከታየ ግን ቁልፉን አትንኩ፣ ታንኩን አስፈሱት።