ያገለገለ የጥላሸት መለኪያ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት

ሰላም ናችሁ ወገኖች። ይህን የምጽፈው የአየር ብክለት ለምትለኩ ወይም ለመለካት ላሰባችሁ ሁሉ ነው፤ አማካሪ ቢሮ ሁኑ፣ የማስተርስ ተማሪ ወይም የሰፈር ኮሚቴ። እኛ 420 ሺህ ብር ከፍለን ተሸውደናል። እናንተም እንዳትሸወዱ።

ሦስት ሆነን ሱሉልታ ውስጥ ትንሽ የአካባቢ ጥናት ቢሮ አለን። ባለፈው ዓመት መንገድ ዳር ያለ የአንድ ትምህርት ቤት ወላጆች መጡ። «ልጆቻችን የሚተነፍሱትን አየር ለኩልን» አሉን። እውነታቸውን ነው። ወደ ጎጃም የሚወጣው የጭነት መኪና ጭሱን የሚለቀው እበሩ ላይ ነው። ማለዳ ደግሞ የባህር ዛፍ ቅጠልና የኩበት ጭስ ሜዳው ላይ ይተኛል። አዲስ መሣሪያ የመግዛት አቅም የለንም። ቴሌግራም ላይ «ያገለገለ ኤታሎሜትር፣ እንደ አዲስ» የሚል ማስታወቂያ አየንና ሄድን።

ለማታውቁት፣ ኤታሎሜትር ስሙ ራሱ በጥላሸት ማጥቆር ከሚል የግሪክ ቃል የመጣ ነው። ቶኒ ሀንሰንና ባልደረቦቹ በፈረንጆቹ 1980ዎቹ አሜሪካ፣ ሎውረንስ በርክሊ ላቦራቶሪ ውስጥ የሠሩት ነው። ፓምፑ አየር ይስባል። አየሩ በነጭ ፊልተር ሲያልፍ ጥላሸቱ እዚያው ይቀራል። ከላይ መብራት፣ ከታች ብርሃን ተቀባይ አለ። ፊልተሩ እየጠቆረ ሲሄድ የሚያልፈው ብርሃን ይቀንሳል። በምን ፍጥነት እንደጠቆረና ስንት ሊትር አየር እንዳለፈ ከታወቀ፣ ጥቁር ካርቦኑ፣ ማለትም አየሩ ውስጥ ያለው ጥላሸት፣ ይሰላል። እዚህ ላይ ልብ በሉ። መሣሪያው የሚያየው ብርሃን ብቻ ነው፤ የቀረው ሁሉ ስሌት ነው። እኛም የተሸወድነው ስሌቱ ላይ ነው።

ሻጩ ቤት ያየነው ነገር አፍ ያስከፍት ነበር። ክብሪት ለኩሶ አጠፋና ወደ ቱቦው አስጠጋው። ቁጥሩ ሽቅብ ወጣ። አመንን፣ ከፈልን። ክብሪት ግን ማስረጃ አይሆንም። ግማሽ አየር የሚያሾልክ መሣሪያም በክብሪት ጭስ ቁጥሩ ይወጣል።

በሳምንቱ ፊልተሩን አወጣሁና መስኮት ላይ ይዤ አየሁት። ጥላሸቱ ፊልተሩ ላይ የሚተወው ጥቁር ነጥብ፣ ጤነኛ ሲሆን ዳሩ በምላጭ የተቆረጠ ይመስላል፤ ጥቁሩ አልቆ ነጩ ይጀምራል። የእኛው በአንድ ጎኑ ውሃ እንደነካው ቀለም እየደበዘዘ ወደ ነጩ ገብቷል። ማሸጊያው ጎማ ደርቆ ተሰንጥቋል ማለት ነው። የክፍሉ አየር በጎን ይገባል፤ ፓምፑም የሚስበው እሱን ነው።

ሻጩን ስንደውልለት «ማሽኑ 4 ሊትር በደቂቃ እያለ አይደል? ምን ፈለጋችሁ?» አለን። እውነት ነው፣ ስክሪኑ 4 ይላል። የፍሰት መለኪያ ተውሰን መግቢያው ላይ ስናደርግ ግን 3.1 ሆነ። «አገሩ ከፍታ ስለሆነ ነው» አለ። ለአፍታ አምነነው ነበር። ኋላ ቁጭ ብለን ስናስበው ነገሩ ግልብጥ ነው። የዚህ መሣሪያ ቆጣሪ የሚናገረው በባህር ጠለል አየር መጠን ነው። የሱሉልታ አየር ደግሞ ከዚያ ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ ስክሪኑ 4 ካለ መግቢያው ላይ ከ5 ሊትር በላይ መታየት ነበረበት። ከፍታው ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል እንጂ አይቀንሰውም። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ያላችሁ ይህን ያዙልኝ፤ «ከፍታው ነው» የሚል ሻጭ ሲያጋጥማችሁ ሂሳቡን በወረቀት ይሥራላችሁ።

ከሁሉም ያንገበገበኝ ግን ሌላው ነው። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ለካን። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ቁጥሩ ከፍተኛ ነው፤ ከዚያ እየወረደ እየወረደ ይሄዳል። ለወላጆቹ «ረፋዱ ላይ ጭሱ ይቀንሳል» ልንላቸው ሪፖርቱን ጀምረን ነበር። ከዚያ ግራፉን ሰፋ አድርገን አየነው። የመጋዝ ጥርስ ነው! ማሽኑ አዲስ የፊልተር ቦታ ላይ በተዛወረ ቁጥር ቁጥሩ ድንገት ይዘላል፤ ፊልተሩ ሲጠቁር ደግሞ ይወርዳል። መንገዱ ላይ ያለው ጭስ በዚያች ደቂቃ አልዘለለም። በአንድ ነጥብ ብቻ የሚሠሩት የቆዩ ሞዴሎች ሁሉ ይህ ጠባይ አላቸው፤ የጠቆረ ፊልተር አዲስ የሚገባውን ጥላሸት አሳንሶ ነው የሚያየው። በስሌት ይታረማል፣ አዳዲሶቹም ሁለት ነጥብ ጎን ለጎን እያነጻጸሩ ራሳቸው ያርሙታል። ሻጩ ግን «ምንም ማረሚያ አይፈልግም» ብሎ ነው የሸጠልን። እነዚያ እናቶች ልጆቻቸውን በእኛ ቃል ያንን በር ሊያሳልፉ ነበር።

ስለ ፊልተሩም ላንሳ። «ርካሽ፣ ተመሳሳይ» ብሎ ሌላ ጥቅል ጨምሮልናል። ተመሳሳይ የሚባል ፊልተር የለም። ብርሃኑ ክሮቹ መካከል እየተንገላታ በጥላሸቱ ላይ ደጋግሞ ስለሚያልፍ፣ የሚታየው ጥቁረት ከእውነተኛው ይበልጣል። ለዚህ የሚካፈልበት ቁጥር አለ፤ ለኳርትዝ ክር 2.14፣ ቴፍሎን ለተቀባ የመስታወት ክር 1.57 እየተባለ ይሠራበታል። ፊልተሩን ቀይሮ ቁጥሩን ያልቀየረ ሰው ውጤቱን አበላሽቷል።

ይህ ማሽን የተለያየ ቀለም ያላቸው 7 መብራቶች አሉት፤ ከእነሱ አልትራቫዮሌቱ፣ የ370 ናኖሜትሩ፣ ሞቶ ነበር። የእንጨትና የኩበት ጭስ ከናፍጣ ጭስ የሚለይበት በዚያ በኩል ስለሆነ፣ ለእኛ ሰፈር ዋናው እሱ ነበር። የካሊብሬሽን (ልኬቱ ትክክል መሆኑ የተፈተሸበት) ወረቀቱ ላይ ያለው መለያ ቁጥርም ከማሽኑ ጀርባ ካለው ጋር አይገጥምም። ይህንን እንኳ ያላየነው እኛው ነን።

እንግዲህ ልትገዙ ስትሄዱ ክብሪቱን ተዉትና ሄፓ ፊልተር፣ ማለትም ብናኙንና ጥላሸቱን አጥርቶ የሚያስቀር ማጣሪያ፣ ይዛችሁ ሂዱ። መግቢያው ላይ ግጠሙት፣ ግማሽ ሰዓት ይሥራ። ንጹህ አየር ስለሚገባ ቁጥሩ በዜሮ ዙሪያ ከፍ ዝቅ ማለት አለበት፤ ኔጌቲቭም ያሳያል፣ ያ ጤናው ነው። አንድም ኔጌቲቭ የማያሳይ ከሆነ ግን ጠርጥሩ። የእኛው ሻጭ የሰጠን ፕሮግራም ኔጌቲቩን ሁሉ ዜሮ እያደረገ ይጽፍ ነበር። ስለዚህ የታረመውን ፋይል ሳይሆን ጥሬውን ጠይቁ፤ የብርሃኑን ንባብ ጭምር። ከዚያ መግቢያውን በጣታችሁ ድፈኑት። ስክሪኑ ላይ ያለው ፍሰት ወደ ዜሮ ካልወረደ አየሩ በሌላ ቦታ እየገባ ነው። ደረሰኙ ላይም «ካልሠራ በ30 ቀን ይመለሳል» የሚል ይጻፍበት። የእኛው ላይ «በታየበት ሁኔታ» ነው የሚለው፤ በዚያችው ቃል ብራችንን አላስመለስንም።

አሁን ማሸጊያውን አስቀይረን ከሌላ መሣሪያ ጎን እያስኬድነው ነው። የትምህርት ቤቱን ልኬት ከዜሮ እንደገና እንጀምራለን፤ ለወላጆቹም ይህንኑ ነግረናቸዋል። ሄፓ ፊልተሯና የገዛናት የፍሰት መለኪያ ቢሮ አሉ። ሱሉልታም ሆነ ቡራዩ፣ ለገጣፎም ሆነ ገላን ያላችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ብቅ በሉ፤ በነጻ እናውሳችኋለን።